የታይሮይድ ምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል? ከታክሲ ተራው እስከ ኪኒኑ

እናቴ ከላብራቶሪው ስትወጣ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ቆሜ እጠብቃት ነበር። የውጤት ወረቀቷን አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች። "ዕጢ አለብዎት አሉኝ" አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

ባለሙያው ያላት እንደዚያ አልነበረም። "የታይሮይድ ዕጢዎ ሥራ ቀንሷል" ነው ያላት። ችግሩ ቃሉ ነው። በአማርኛ ዕጢ ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው ሁላችንም ይዘነው የተወለድነው፣ ሆርሞን የሚያመርተው የአካል ክፍል ነው። ሁለተኛው በበሽታ የሚያድገው እብጠት ነው። እናቴ የሰማችው ሁለተኛውን ነው። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቶቿን የማነበው፣ ኪኒኗን የምከታተለው፣ ጥያቄ ጽፌ ይዤ የምገባው እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት ወረፋው ረጅም ነው፣ ለአንድ ታካሚ የሚደርሰው ደቂቃ ትንሽ ነው። ያቺን ትንሽ ደቂቃ በደንብ ለመጠቀም ነገሩን አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር።

1. መጀመሪያ ታክሲ ተራ ቁሙ

አራት ኪሎ ሄዳችሁ ለአምስት ደቂቃ ረዳቱን ተመልከቱት። ታክሲው ባዶ ሲሆን "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ማዘር፣ ሜክሲኮ ነሽ? ነይ ግቢ!" እያለ ይጮኻል። በሩን በመዳፉ ይደበድባል። ወንበሩ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ እየቀነሰ ይመጣል። ሲሞላ ዝም ይላል። መንገድ ላይ ሰው ሲወርድ ደግሞ እንደገና ይጀምራል።

የሆርሞን ሥርዓታችን በአብዛኛው የሚሠራው እንደዚህ ነው።

ረዳቱ ፒቱታሪ የሚባለው ዕጢ ነው። አተር ያህላል። ከአንጎል ሥር ተንጠልጥሎ ይገኛል። ጩኸቱ ቲኤስኤች ይባላል፤ እሱም ራሱ ሆርሞን ነው፣ በደም ይጓዛል። ጩኸቱን የሚሰማው አንገታችን ላይ ከማንቁርት በታች ያለው፣ ቢራቢሮ የሚመስለው የታይሮይድ ዕጢ ነው። ታይሮይድ ጩኸቱን ሲሰማ ተሳፋሪዎቹን ይልካል። ተሳፋሪዎቹ ቲ4 እና ቲ3 የሚባሉት ሆርሞኖች ናቸው። ደም ውስጥ በቂ ሲሆኑ ፒቱታሪ ያንን አይቶ ድምፁን ይቀንሳል። ከረዳቱም በላይ ተራ አስከባሪ አለ። እሱ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ለረዳቱ "ጀምር" የሚለው እሱ ነው።

ሌላም ነገር ከታክሲ ተራው እንማራለን። "ሜክሲኮ" የሚለውን ጥሪ መንገደኛው ሁሉ ይሰማዋል። የሚገባው ግን ሜክሲኮ የሚሄደው ብቻ ነው። ሆርሞንም ደም ውስጥ ገብቶ መላ ሰውነትን ይዞራል። መልስ የሚሰጠው ግን ተቀባይ ያለው ሕዋስ ብቻ ነው። ቲኤስኤች በጉልበታችሁም በኩል ያልፋል፣ ጉልበታችሁ ግን ጉዳዩ አይደለም።

ላብና ምራቅ የሚያመርቱ ዕጢዎች ምርታቸውን የሚያፈሱበት ቱቦ አላቸው። ሆርሞን አምራቾቹ ቱቦ የላቸውም፣ በቀጥታ ደም ውስጥ ይለቃሉ። ለዚህ ነው አንድ ጠብታ ደም ይህን ሁሉ የሚናገረው። "ሆርሞን" የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣው እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኧርነስት ስታርሊንግ ነው። ቃሉን የወሰደው ከግሪክኛ ነው፣ ማነሳሳት እንደማለት ነው።

ስለ ቲ4 እና ቲ3 አንድ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል። ቁጥሩ የአዮዲን ቁጥር ነው። ቲ4 አራት አዮዲን ይዟል፣ ቲ3 ሦስት። ታይሮይድ በብዛት የሚልከው ቲ4ን ነው። ቲ4 የታሰረ ስንቅ ነው በሉት። ጉበት፣ ኩላሊትና ሌሎች የአካል ክፍሎች አንዷን አዮዲን ፈትተው ቲ3 ያደርጉታል። ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ሥራውን የሚሠራው በዋናነት ቲ3 ነው። ልብ ምን ያህል ይምታ፣ አንጀት ምን ያህል ይፍጠን፣ ሰውነት ምን ያህል ሙቀት ያውጣ የሚለው ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ኮርቲሶልና የወሲብ ሆርሞኖችም በዚሁ በረዳትና በተራ አስከባሪ መንገድ ይመራሉ። ኢንሱሊን ግን ረዳት አይፈልግም። ቆሽት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ራሱ ይለካል፣ ራሱ ኢንሱሊን ይለቃል።

2. ምልክቱን በወረቀት ያዙ

እናቴ በግንቦት ሙቀት ጋቢ ደርባ ትቀመጥ ነበር። ፀጉሯ በማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ድምፅዋ ጎርነን አለ። ሆዷ ይደርቃል። ቴሌቪዥን እያየች እንቅልፍ ይወስዳታል። እኛ "ዕድሜ ነው" አልን። እሷም "ዕድሜ ነው" አለች። አንድ ዓመት እንዲሁ አለፈ። ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ሁሉ ነገር ይንቀራፈፋል። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ክብደት መጨመር፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የወር አበባ መብዛት፣ የመርሳት ነገር፣ መከፋት ይመጣል። ሲበዛ ደግሞ ሁሉ ነገር ይሮጣል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እየበሉ መክሳት ይመጣል፣ ሙቀት አይቻልም፣ እንቅልፍ ይጠፋል። አንዳንዱ ሰው ላይ ዓይን ወደ ውጭ ይገፋል።

ከእነዚህ አንዳቸውም ለብቻቸው ማስረጃ አይሆኑም። ድካም የሌለበት የአዲስ አበባ ሰው ማን አለ? ግን ሦስት አራቱ ተደርበው ለወራት ከቆዩ ምርመራ ይገባቸዋል። ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ።

መስታወት ፊት ቁሙና አንገታችሁን በትንሹ ወደ ኋላ ጣል አድርጉት። ውኃ ተጎንጭታችሁ ዋጡ። ስትውጡ ከማንቁርት በታች፣ ከደረት አጥንት በላይ ያለውን ቦታ ተመልከቱ። ከፍ ዝቅ የሚል እብጠት ካለ ልብ በሉት።

ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ። ሁለት ጣት በእጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል ታደርጋላችሁ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትቆጥራላችሁ። የእናቴ 54 ነበር።

ከዚያ ምልክቱ መቼ እንደጀመረ፣ በቤተሰብ ውስጥ እንቅርት ያለበት ሰው ካለ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱ ጻፉ። ለልብ ምት መዛባት የሚሰጠው አሚዮዳሮንና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊትየም ታይሮይድን ይነካሉ፤ ሳይጠየቅ ተናገሩ።

እብጠቱ በአጭር ጊዜ ካደገ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ድምፅ ተለውጦ ከቀረ ግን ወረቀት መጻፉን ተዉትና ቶሎ ሂዱ።

3. ደም ከመስጠታችሁ በፊት

ለታይሮይድ ምርመራ ባዶ ሆድ መሆን ግዴታ አይደለም። ትልቁ ነገር ሰዓቱን አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። ቲኤስኤች ሌሊት ከፍ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይላል። ባለፈው ጠዋት 2 ሰዓት ሰጥታችሁ ዘንድሮ ከሰዓት 9 ሰዓት ብትሰጡ ሁለቱን ማወዳደር ያስቸግራል። ቢቻል ላብራቶሪውም ያው ይሁን።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የሚባል ቪታሚን ነገር ያበላሻል። ሰውነት ላይ ክፉ ነገር አያደርግም። ግን ብዙ ማሽኖች ሆርሞኑን የሚለኩበት ዘዴ ራሱ ባዮቲንን ስለሚጠቀም ውጤቱን ያሳስታል። ታይሮይዱ ደህና የሆነ ሰው ሆርሞን የበዛበት መስሎ ሊወጣ ይችላል። ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ አቁሙ። በብዛት የምትወስዱ ከሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ይህን የምለው ፀጉር ሲረግፍ መጀመሪያ የምንሮጠው ወደዚያው ቪታሚን ስለሆነ ነው።

የታይሮይድ ኪኒን የጀመራችሁ ከሆነ የዕለቱን ኪኒን ደም ከሰጣችሁ በኋላ ዋጡት። ሌላ ጽኑ ሕመም ላይ ካላችሁ ደግሞ፣ ሐኪም ካላዘዘ በቀር፣ ምርመራው ቢቆይ ይሻላል። ሰውነት በታመመ ጊዜ ቁጥሮቹ ለጊዜው ይዘበራረቃሉ።

4. ወረቀቱን ማንበብ

አሁን ወረቀቱን ዘርጉት። በመጀመሪያው ዓምድ የምርመራው ስም አለ። ቀጥሎ የእናንተ ቁጥር፣ ቀጥሎ መለኪያው፣ መጨረሻ ላይ ጤናማ የሚባለው ወሰን አለ። ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ ጎን ኤች ወይም ኤል የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል ትታተማለች። ኤች ከወሰኑ በላይ ነው፣ ኤል ከወሰኑ በታች ነው።

ወሰኑን ከራሱ ከወረቀቱ ላይ ውሰዱ እንጂ ከጎረቤት ወረቀት አትውሰዱ። የቲኤስኤች ወሰን ብዙውን ጊዜ ከ0.4 እስከ 4.0 አካባቢ ነው። ፍሪ ቲ4፣ ማለትም ደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ሳይጣበቅ ነፃ ሆኖ የሚዞረው ቲ4፣ ግን በሁለት መለኪያ ይጻፋል። አንዱ ላብራቶሪ በናኖግራም በዴሲሊትር ይጽፋል፣ ሌላው በፒኮሞል በሊትር። የመጀመሪያውን በ13 ብታባዙት ወደ ሁለተኛው ይጠጋል። ባለፈው 1.2 የነበረ ሰው ሌላ ቦታ 15.6 ቢወጣ ምንም አልተለወጠም። በዚህ ምክንያት ስንት ሰው ደንግጦ ይሆን!

የእናቴ ወረቀት ቲኤስኤች 38፣ ፍሪ ቲ4 ደግሞ 0.5 ናኖግራም ይል ነበር። ወደ ታክሲ ተራው እንመለስ። ረዳቱ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፣ ወንበሩ ግን ባዶ ነው። ማለትም ፒቱታሪዋ ጤነኛ ነው፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ያልመለሰው ታይሮይዷ ነው። ይህ የታይሮይድ ማነስ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። "38 ከ4 ጋር ሲነጻጸር ወደ አሥር እጥፍ ነው፣ እንግዲህ አልቆልኛል" ይላል። አይደለም። ቲኤስኤች በጣም የሚጋነን ድምፅ ነው። ቲ4 በግማሽ ሲወርድ ቲኤስኤች ወደ መቶ እጥፍ ሊወጣ ይችላል። ረዳቱ ሁለት ወንበር ስለጎደለው ሰፈር የሚቀሰቅስ ዓይነት ነው። ስለዚህ ነው ጥሩ መመርመሪያ የሆነው፤ ትንሿን ጉድለት ቀድሞ ይነግራል። የጉድለቱን መጠን ለማወቅ ግን ቲ4ን ማየት ግድ ነው። አንዱን ቁጥር ብቻ ይዞ መፍረድ የጥሪውን ድምፅ ብቻ ሰምቶ ታክሲው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ እንደመናገር ነው።

ሐኪሙ ፀረ-ቲፒኦ የሚባል ምርመራ ሊጨምር ይችላል። ይህ የሰውነት የመከላከያ ኃይል የራሱን ታይሮይድ እያጠቃ እንደሆነ ያሳያል። በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ ነው፤ በስሙ ይጠራል። ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ በብዛት ይይዛል። የእናቴም ይኸው ነበር።

ቲኤስኤች በትንሹ ከፍ ብሎ፣ ለምሳሌ 6 ሆኖ፣ ቲ4 ደህና ከሆነስ? ረዳቱ ጮክ ብሏል፣ ታክሲው ግን ሞልቷል። ይህ መለስተኛ ማነስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ኪኒን ከመጀመር ይልቅ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ መድገም ይሻላል፣ ብዙዎች ላይ በራሱ ይመለሳል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ቲኤስኤች በተፈጥሮው ትንሽ ከፍ ይላል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ከፈለጋችሁ ግን ሕጉ ሌላ ነው፣ አትጠብቁ።

ረዳቱ ጸጥ ብሎ ታክሲው በትርፍ ተጨናንቆ ከሆነ፣ ማለትም ቲኤስኤች ወርዶ ቲ4 ከበዛ፣ ሆርሞኑ ከልክ በላይ ነው። ልብን ስለሚያደክም ይህን በይደር አትተዉት። ሜቲማዞል ወይም ፕሮፒልታዮዩራሲል ከታዘዘላችሁ አንድ ነገር በቀይ ጻፉ። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ኪኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ነጭ የደም ሕዋስ ይቆጠር። አልፎ አልፎ እነዚህ መድኃኒቶች ነጭ የደም ሕዋስን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳሉ። ጉንፋን ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

የመጨረሻው ዓይነት በቀላሉ ይታለፋል። ቲ4 ዝቅ ብሏል፣ ቲኤስኤች ግን ደህና ወይም ዝቅተኛ ነው። ኤች የምትለዋ ፊደል ቲኤስኤች ጎን የለችም። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ረዳቱ ዝም ካለ የታመመው ረዳቱ ራሱ ነው። አንድ የአገራችን እናቶች ሊያውቁት የሚገባ ምክንያት አለ። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ፒቱታሪዋ ደም አጥቶ ሊጎዳ ይችላል። ሺሃን ሲንድረም ይባላል። ከወሊዱ በኋላ ጡቷ ወተት አልያዘም፣ የወር አበባዋ አልተመለሰም፣ ድካሙ ዓመታት ቆይቷል። "ያኔ ደም ፈሶኝ ነበር" የምትል አክስት ወይም ጎረቤት ካለች ይህን ንገሯት። እዚህ ላይ ኮርቲሶል መጀመሪያ መታየት አለበት። ኮርቲሶል በጎደለበት የታይሮይድ ኪኒን መጀመር ለሕይወት ያሰጋል።

5. ኪኒኑን መዋጥ፣ በተለይ ቡና የሚወድ ሰው

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። እኛ የወደቅነው እዚህ ነው።

ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ኪኒን ቲ4 ራሱ ነው። የጎደለውን ይተካል። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ለአንዲት ታማሚ ሴት ሰጠ። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች። ዛሬ በግ አያስፈልግም፣ ትንሽ ነጭ ኪኒን ነው።

እናቴ በ50 ማይክሮግራም ጀመረች። ቲኤስኤቿ ወደ 19 ወረደና ቆመ። ወደ 75 ከፍ ተደረገ። 15 ላይ ቆመ። ወደ 100 ከፍ አለ። 14። ሐኪሙ "ኪኒኑን በትክክል ይወስዳሉ?" ብሎ ጠየቃት። "በእግዚአብሔር! አንድም ቀን ዘልዬ አላውቅም" አለች። እውነቷን ነው።

አንድ እሁድ ጠዋት እሷ ጋ አደርኩ። ረከቦቱ ቀርቧል፣ እጣኑ ይጨሳል። እናቴ ከትራሷ ሥር ኪኒኑን አወጣችና አፏ ውስጥ ጣል አደረገችው። ከዚያ አቦሉን ፉት አለችበት። በሲኒ ቡና ዋጠችው! ለአሥር ወር እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ማንም "በውኃ" አላላትም፣ ማንም "ከቡና በፊት" አላላትም። ሁላችንም በትክክል መዋጥ ማለት አለመዝለል ብቻ መስሎን ነበር።

ቡና ኪኒኑ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ማኪያቶ ቢሆን ደግሞ ወተቱም ይጨመራል። ስለዚህ እንዲህ ነው የሚደረገው፦

ጠዋት ስትነሱ፣ ምንም ሳትቀምሱ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ዋጡት። ከዚያ ከቁርስም ከቡናም በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ጠብቁ። የደም ማነስ ኪኒን፣ ካልሲየም ወይም እነዚህ ያሉበት ቪታሚን የምትወስዱ ከሆነ በአራት ሰዓት ልዩነት አራርቁት። በጾም ወራት የአኩሪ አተር ወተት የምትጠጡም ከኪኒኑ አርቁት።

ጾምስ? እናቴ ዐቢይ ጾም ሲገባ ውኃም እስከ 9 ሰዓት አትቀምስም። ይህን ለሐኪሙ ነገርነው። ማታ እንዲሆን ተስማማን። እራት ከተበላ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ልትተኛ ስትል ትውጠዋለች። ይህ ጥሩ መንገድ ነው፣ በረመዳን ለሚጾሙም ይመቻል። ዋናው ነገር አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ነው። ለንስሐ አባታችሁም ንገሯቸው፣ ይረዱታል።

እናቴ የጨጓራ ሕመምተኛም ናት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ! ኪኒኑ በደንብ እንዲሟሟ የጨጓራ አሲድ ያስፈልገዋል። ኦሜፕራዞልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች አሲዱን ይቀንሳሉ። የጨጓራ ባክቴሪያም ራሱ ኪኒኑ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ጨጓራ ያለበት ሰው ለታይሮይድ ሐኪሙም ይናገር።

ቡናውን ካስተካከልን በኋላ ሌላ ነገር መጣ። 100 ማይክሮግራሙ አሁን ሙሉ በሙሉ ገባ። በሁለት ወር ውስጥ ልቧ ይመታ ጀመር፣ እንቅልፍ አጣች። ቲኤስኤቿ 0.1 ሆነ። ወደ 75 ተመለሰች፣ ተስተካከለ። አወሳሰዳችሁን ስታስተካክሉ ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩት፣ መጠኑ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። በተለይ ልብ ለታመመና ለአዛውንት ይህ አደጋ ነው።

ፋርማሲ ላይ ማሸጊያውን አንብቡ። 50 ማይክሮግራም እና 0.05 ሚሊግራም አንድ ናቸው። 0.1 ሚሊግራም ግን 100 ማይክሮግራም ነው። አንዱ ሲጠፋ ሌላ አምራች ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ውሰዱ፣ ያለ ኪኒን ከመቆየት ይሻላል። ግን ቀኑን ጻፉና ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ተመርመሩ። ኪኒኑን ከማሸጊያው አውጥታችሁ መስኮት ላይ አታስቀምጡ፣ ብርሃንና እርጥበት ያበላሸዋል።

ደህና ስትሆኑ አታቁሙ። ደህና የሆናችሁት ስለምትውጡት ነው። ጠበል የሚሄድ ሰውም ኪኒኑን ይዞ ይሂድ። ጤነኛ ሰው ለመክሳት ብሎ ይህን ኪኒን መዋጥ ደግሞ ልቡን ማወክ ነው።

6. መልሶ መመርመር

ኪኒን ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጠብቁ። ሰው በሁለት ሳምንቱ ይሮጣል፣ ገንዘቡን ያባክናል። ቲ4 ደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ሰባት ቀን ገደማ ይፈጅበታል። አዲሱ መጠን እስኪረጋ አምስት ስድስት ሳምንት ይሄዳል። ረዳቱም ድምፁን ለማስተካከል ጊዜ ይወስዳል። ከተረጋጋ በኋላ መጀመሪያ በስድስት ወር፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ይበቃል።

ኪኒኑን እየወሰዳችሁ የወር አበባ ከቀረ በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ ሂዱ። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የእናቱን ቲ4 ነው የሚጠቀመው፣ አንጎሉም የሚሠራው በእሱ ነው። ብዙዎቹ እናቶች ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል ተጨማሪ መጠን ያስፈልጋቸዋል።

7. ወጥ ቤት ግቡ

ታይሮይድ ሆርሞን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። አዮዲን ከጠፋ ረዳቱ ይጮኻል፣ ዕጢው ለመመለስ ሲል ያድጋል። እንቅርት አንዱ መነሻው ይኸው ነው። ደጋ አገር ነን፣ አፈራችን ለዘመናት በዝናብ ታጥቧል። አያቴ አንገቷ ላይ የተነቀሰችው ንቅሳት "ለእንቅርት" ነበር፤ እሷ እንደዚያ ነው የነገረችኝ።

ከኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በፊት ብዙ ጨው አዮዲን ተጨምሮበት ከአሰብ ይመጣ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ የአፍዴራ ጨው ቦታውን ያዘ፣ አዮዲኑ ግን ለዓመታት ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ስለዚህ ስትገዙ "አዮዲን" የሚል የታተመበትን የታሸገ ጨው ምረጡ። ከጆንያ እየተሰፈረ የሚሸጠው አያስተማምንም። አሞሌውም አዮዲን አልተጨመረበትም።

አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይፈልጋል፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት 250። ጨው አብዙ ማለቴ አይደለም፣ የምትበሉት ትንሽ ጨው አዮዲን ያለው ይሁን ነው የምለው። ከአዮዲን ጠብታ ደግሞ ራቁ። እንደ እናቴ ዓይነት በሃሺሞቶ የመጣ ማነስ በአዮዲን አይድንም፣ ሲበዛ እንዲያውም ያባብሰዋል።

አዮዲን ይበናል። የእናቴ ጨው ምድጃው አጠገብ ክዳን በሌለው ሳህን ይቀመጥ ነበር። አሁን ክዳን ባለው ብልቃጥ አድርገን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባነው። ወጡም ላይ ጨው የምትጨምረው ሊወርድ ሲል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ትረሳው ነበር፣ አሁን ለምዶባታል።